ነገ ብራ ነው

ፍሊትዉድ፣ እንግሊዝ
ጃንዋሪ 14 ቀን 1981

የተከበሩ አጎቴ ክላረንስ፣

ጤናዎ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ኦልጋ፣ ከብትዎና ስንዴዎ እንዴት ናቸው? እኔ አለሁ፤ ሳል ይዞኛል። አባቴ በየገናው ለእርስዎ ሲጽፍ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚጀምረው። ሳሉን ጨምሮ ልማዱን አላፈርስም ብዬ ነው።

አንተዋወቅም። የስታን ልጅ ሄዘር ነኝ፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የእርስዎና የእሱ አያቶች ወንድማማቾች እንደነበሩ አባቴ ነግሮኛል። እርስዎ በስድስት ዓመትዎ ከወላጆችዎ ጋር ወደ ካናዳ መርከብ ሲሳፈሩ እሱ የአራት ዓመት ልጅ ሆኖ ወደቡ ላይ ቆሞ ነበር። «ክላረንስ ሲያለቅስ አየሁት» ይል ነበር። ከወረቀቶቹ መካከል እርስዎ «ያለቀስከው አንተ ነህ» ብለው የጻፉለትን አግኝቻለሁ። እንግዲህ አሁን የሚዳኝ የለም።

የሐዘን ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። እንዴት እንደሞተ ጠይቀውኛል። የሞተ ዕለት ጠዋት፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአየር ሁኔታ መለኪያ እንደ ልማዱ በጣቱ መታ መታ አደረገና «ነገ ብራ ነው» አለ። ብራ ነበር።

ሌላ ብዙ ወሬ የለም። የዓሣ መርከቦቹ አንድ በአንድ ተሽጠው አልቀዋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ተምሬ በማዕረግ ተመርቄያለሁ፤ ስለዚህ ሥራ የለኝም። ባለፈው ሳምንት የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ሄጄ ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። ወረፋዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቀርብ ጸሐፊው ተነስቶ መጣና ከኋላዬ ተሰለፈ። የጎረቤታችን የአቶ ካርድዌል ሚስት ጥላው ከሄደች ሦስት ሳምንት ሆናት። እሱ ያወቀው ትናንት ነው። ውሻችን ጠፍቶብን በየመብራቱ ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር። ውሻው ተመልሷል፤ ማስታወቂያው ጠፍቷል።

ሳስካቸዋን ውስጥ ብርዱ እንዴት ነው? ከቻሉ ይጻፉልኝ። ከአባቴ ወገን የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

የስታን ልጅ ሄዘር


ዮርክተን አጠገብ፣ ሳስካቸዋን
ፌብሯሪ 6 ቀን 1981

ለልጄ ለሄዘር፣

የሐዘንተኞች አጽናኝ የሆነው አምላክ ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ይጠብቅሽ። እኛ ከነብርዱ ደህና ነን። ዛሬ ጠዋት ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ነበር። ጥጆቹን ጋጥ አስገብተናቸዋል።

ደብዳቤሽን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለኦልጋ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ አባትሽ የጻፍሽው ጋ ስደርስ ድምፄ ተያዘ። ኦልጋ «ብራ ከሆነ በኋላስ? ከዚያስ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ከዚያስ ምን ሆነ፣ ልጄ?

በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ይህን ያህል መከራ አይቼ አላውቅም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። በብርዱ ምክንያት አሥራ ስምንት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ ግን አሥራ ስምንታችንም ተንበርክከን ለአቶ ካርድዌል ጸለይን። ለእሱም አጭር የማጽናኛ ደብዳቤ ልኬለታለሁ። የቤቱን ቁጥር ስለማላውቅ «ከሄዘር ዊግኖል ቤት አጠገብ» ብዬ ጻፍኩ። ለዚያ ሥራውን ላጣው ጸሐፊ ደግሞ ኦልጋ የሱፍ ካልሲ ሠርታለታለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል፤ አደራ ስጪልን። እግሩ ትልቅ ከሆነ ጻፊልን።

ስለ ማስታወቂያው ግን ኦልጋ እስካሁን አልገባትም። ማስታወቂያ ሰርቆ ምን ይሠራበታል? ወረቀት ተወድዶባችሁ ከሆነ አትፈሪ፣ ንገሪኝ።

አባትሽን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። አንቺን የሚያይ አምላክ አይተኛም።

አጎትሽ ክላረንስ ዊግኖል


ፍሊትዉድ
ማርች 2 ቀን 1981

የተከበሩ አጎቴ ክላረንስ፣

ጥጆቹ ብርዱን እንዳለፉ ተስፋ አደርጋለሁ። ሳሌ ለቆኛል።

ካልሲው ደርሷል። የአቶ ካርድዌል ደብዳቤም ደርሷል። ማክሰኞ ዕለት ደብዳቤውን ይዞ በሬን አንኳኳ።

«ሄዘር፣ ካናዳ ያለ አንድ ሰው ሚስትህን እግዜር ይመልስልህ ይለኛል።»

«አዎ፣ አቶ ካርድዌል።»

«ወጥ ቤት ናት እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልመልስለት?»

ሚስቱ ከኋላው መጥታ ደብዳቤውን ከእጁ ወሰደች፤ ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ሐሳቡ መጥፎ አይደለም» አለች።

ይህኛው በእውነት የሆነ ነገር ነው። ሌሎቹ ግን አልሆኑም። አጎቴ፣ ልናዘዝ፤ ጸሐፊው አሁንም መስኮቱ ጀርባ ተቀምጧል፤ ካልሲውን አልሰጠሁትም። ውሻም የለኝም። ቀልዶች ናቸው። አንድ መስመር ብቻ የሆኑ ቀልዶች። የምጽፋቸው እኔ ነኝ።

እዚህ አባቴ ሠላሳ ዓመት አባል የነበረበት የሠራተኞች ክበብ አለ። ሴት አባል መሆን አትችልም። ቅዳሜ ግን አንድ አባል መዝገቡ ላይ ከፈረመላት እንግዳው ሆና አዳራሽ ትቀመጣለች። አባቴ ይፈርምልኝ ነበር። መድረኩ ላይ ሬግ ባምበር የሚባል ሰው ይወጣል፤ ሆዱ ትልቅ ነው፤ ፊቱ እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው። አንድ መስመር ይናገራል፤ ዝም ይላል። ሌላ መስመር ይናገራል፤ ዝም ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት በቢንጎ ጨዋታ ወረቀት ጀርባ አንድ መስመር ጽፌ ሰጠሁት። ሳይስቅ አነበበው፤ ኪሱ ከተተው፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተናገረው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አባቴ አልሳቀም። በክርኑ ጎኔን ጎሰም አደረገኝና ቢራውን አነሳ። ለእኔ ያ በቂዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሬግ ቀልዶች የኔ ናቸው። አባቴ ከሞተ ጀምሮም እንግዳው አድርጎ የሚፈርምልኝ ሬግ ነው።

ለምን እኛ እንደምንስቅና እናንተ እንደምትጸልዩ ሳስብ ሰነበትኩ። እዚህ ከተማ ሰው ክፉ ዜና ሲናገር ፊቱን አያንቀሳቅስም። ሰሚውም «እኔን ይድፋኝ» አይልም። ሁለቱም የነገሩን ክብደት ያውቁታል፤ ላያነሱት ተስማምተዋል። ያ ስምምነት ነው የሚያስቀው። በስምምነቱ ውስጥ የሌለ ሰው ግን የሚሰማው ሚስቱ ጥላው የሄደችበትን ሰው ብቻ ነው። ወይዘሮ ኦልጋ «ከዚያስ?» ማለታቸው ትክክል ነው። ግን እዚህ ከዚያ የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። መርከቡ ይሸጣል፣ ሚስት ትሄዳለች፣ አባት ይሞታል። ቀልደኛው ከዚያ በፊት ሲያቆምልን ውለታ ዋለልን ማለት ነው። ስለዚህ ለወይዘሮ ኦልጋ «ከዚያስ» የሚባል ነገር የለም ይበሉልኝ።

የአየር መለኪያው ነገር ብቻ እውነት ነው። እንደዚያው ነው የሞተው። ለእርስዎ ጻፍኩልዎ፤ በቀብሩ ዕለትም እንዴት ሞተ ብሎ ስለጠየቀኝ ለሬግ ነገርኩት። ቀልድ ብዬ አይደለም።

ባላሳዝንዎ ኖሮ ደስ ባለኝ። አሁን ስጽፍ የሰነበትኩትን አሥር መስመሮች ለየብቻ ወረቀት ላይ አድርጌ ልኬልዎታለሁ። ለማንም አይጸልዩ።

ሄዘር


ዮርክተን አጠገብ
ሜይ 11 ቀን 1981

ለልጄ ለሄዘር፣

ሰላምና ምሕረት ይብዛልሽ። ሁለት ወር ሳልጽፍልሽ የቆየሁት በዘር ወቅት ምክንያት ነው ብል መዋሸት ይሆናል። ዘሩ ያለቀው ከሳምንት በፊት ነው፤ እኔ ግን የተቀየምኩት ከማርች ጀምሮ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ተመልሼ መነሳት ነበረብኝ። የሽማግሌዎች ጉባኤ አባል ነኝ፤ በሐሰት አስጸልየን ዝም አንልም። ተነስቼ «የአቶ ካርድዌል ሚስት ወጥ ቤት ናት» አልኩ። ከኋላ የተቀመጠችው ዶሪን «ተመስገን፣ ጸሎታችን ተሰማ» አለች። ሁሉም አጨበጨቡ። እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ አንዱን ቀልድሽን ለመሞከር ወደ እህል ጎተራው ይዤ ሄድኩ። እዚያ ጠዋት ጠዋት ሦስት አራት ሆነን እንቀመጣለን። የጸሐፊውን አነበብኩላቸው።

«ተባሮ ነው?» አለ ኤልመር።

«አይደለም፣ ቀልድ ነው።»

«ለሱ ምኑ ቀልድ ነው?»

ሌላው «እሱ ከኋላዋ ከተሰለፈ መስኮቱ ላይ ማን ቀረ?» አለ።

«ማንም።»

«ይኸው! መንግሥት እንዲህ ነው» አለ ኤልመር። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት አማረሩ፤ አንድም ሰው አልሳቀም።

አትፍረጅብን። እዚህ የቅርብ ጎረቤቴ አራት ማይል ይርቃል። በጃንዋሪ አንድ ሰው ደውሎ «ምድጃዬ ጠፍቷል» ካለ ትራክተር አስነስተን እንሄዳለን። ይቀልዳል ብለን ከተቀመጥን ጠዋት የምናገኘው ሬሳ ነው። እዚህ ሰው ክፉ ነገር ሲናገር ማመን ነው ልማዳችን። ያደግንበት ነው።

ነገር ግን ከስታን ወገን የቀረሽኝ አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ እማራለሁ። አሥሩን መስመሮች በየማታው አንድ አንድ አነባለሁ። ፊት አይንቀሳቀስ፣ ከዚያስ የለም። እንዲህ አይደል? ሁለተኛ ግን አታታልይኝም።

እግዚአብሔር ሥራ ይስጥሽ። ኦልጋ ካልሲውን አንቺ አድርጊው ብላለች።

አጎትሽ ክላረንስ


ፍሊትዉድ
ፌብሯሪ 8 ቀን 1982

የተከበሩ አጎቴ ክላረንስ፣

ለደብዳቤዎ ዘጠኝ ወር ሳልመልስ ቆየሁ። ጤናችሁን ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ ብገባ አባቴ ከመቃብር ይነሳብኛል፤ እንዴት ናችሁ? ካልሲው ይሞቃል።

ሬግ ባምበር በሴፕቴምበር የቴሌቪዥን ውድድር አሸነፈ። አሥራ ሁለት ቀልድ ተናገረ። አሥራ አንዱን በገዛ እጄ በቢንጎ ወረቀት ጽፌ የሰጠሁት ነው፤ እሱን እንኳ እችለው ነበር። አሥራ ሁለተኛው ይህ ነው፦ «አባቴ የሞተ ዕለት የአየር መለኪያውን መታ አድርጎ ነገ ብራ ነው አለ። ብራ ነበር። በሕይወቱ ልክ የሆነው ያን ቀን ብቻ ነው።»

የመጨረሻዋን የጨመራት ራሱ ነው። አባቴ ሃያ ሰው ይዞ ከአይስላንድ ባሕር ሲመላለስ የኖረ የዓሣ መርከብ ካፒቴን ነበር፤ ስለ አየር አንድ ቀን ተሳስቶ ቢሆን ያ ሁሉ ሰው ቤቱ አይገባም ነበር። የሬግ አባት ደግሞ በሕይወት አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ራሱ ሞት ይስቃል።

አሁን ቀልዶቹ በመጽሐፍ ሊወጡ ነው። ለአሳታሚው ጻፍኩ። ክበቡ የኔ መሆናቸውን ከመሰከረልኝ ስሜን እንደሚያስገባ መለሰልኝ። ስለዚህ ወደ ክበቡ ኮሚቴ ሄድኩ።

ሴት የኮሚቴው ክፍል አትገባም፤ ደንብ ነው። ጉዳዬን ያሰማሁት ከባሩ ቢራ በሚያሳልፉባት ትንሽ መስኮት አንገቴን አስገብቼ ነው። ስድስት ወንዶች ተቀምጠዋል። ስድስተኛው ሬግ ነው፤ የኮሚቴ አባል ነው።

«የማን እንግዳ ነሽ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የሬግ ባምበር።»

«እሱን አይደል እንዴ የከሰስሽው?»

«እሱን ነው።»

«እንግዲያው ማን አስገባሽ?»

«እሱ።»

ሬግ ራሱን ነቀነቀ። «ፈርሜላታለሁ» አለ።

«ጨዋነት ነው» አለ ሊቀመንበሩ፤ ሌሎቹም ተስማሙ።

ከዚያ ለእራት ያዘዙት ፓይ ደረሰ። ፓይ የሚገባው በዚያችው መስኮት ነው። አንገቴን አወጣሁ፤ ስድስት የሥጋ ፓይ አለፈ፤ መልሼ አስገባሁ።

«የት ደርሰን ነበር?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አባቴ ሲሞት።»

«ጎበዝ ሰው ነበር» አለ አፉን ሞልቶ፤ «ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። ማስረጃ ጠየቁኝ። ወረቀቶቹ ሬግ ኪስ ገብተው ቀርተዋል። በዓለም ላይ ቀልዶቹ በኔ እጅ ጽሑፍ፣ ከነቀናቸው፣ ከነፖስታ ማኅተማቸው ያሉት እርስዎ ቤት ብቻ ነው። እስከ ማርች 12 ካላቀረብኩ ሬግ «ስሜን አጠፋች» ብሎ ያመለከተው ይጸድቃል፤ ዕድሜ ልኬን ክበቡን አልረግጥም፤ የአባቴ ሞት የሬግ ባምበር ሆኖ ይታተማል።

እባክዎ ደብዳቤዎቼን ከነፖስታቸው ይላኩልኝ። ሌላ ነገር ለምኜዎት አላውቅም።

ሄዘር


ዮርክተን አጠገብ
ፌብሯሪ 19 ቀን 1982

ለልጄ ለሄዘር፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጤና ነን። በረዶው የአጥሩን አናት አልፏል።

ደብዳቤሽን ኦልጋም እኔም አንብበነዋል። ትልቅ ጉዳይ ነው።

የጠየቅሽውን ደብዳቤዎች በተመለከተ፣ ክረምቱ ከባድ ነበር። ምድጃው አነበባቸው። በዚህ ቤት ቀልዱ የገባው እሱ ብቻ ነው።

አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን።

አጎትሽ ክላረንስ


ዮርክተን አጠገብ
ማርች 9 ቀን 1982

ልጄ ሄዘር፣

ስለ ሰላምታው ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ቸኩያለሁ። ደብዳቤዎችሽ በሙሉ ከነፖስታቸው ከዚህ ጋር አሉ። አልተቃጠሉም። አንድም ቀን አልተቃጠሉም። ከመጀመሪያው ጀምሮ በኦልጋ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ።

የሆነውን ልንገርሽ። የመስኮቷን ደብዳቤሽን ሳነብ ቀልድ መሰለኝ። ትንሽ ጠርጥሬ ነበር፤ ፓይ ሲደርስ አንገትሽን ስታወጪ ግን እርግጠኛ ሆንኩ። ተከሳሽ ከሳሹን ፈርሞ ሲያስገባ የት አገር ታይቷል? እንዲህ ያለ ነገር እውነት ሊሆን አይችልም አልኩ። አሥሩን መስመሮች ዘጠኝ ወር ሙሉ አጥንቼያቸዋለሁ፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ተንበርክኬ ሳቅኩ። ጎተራው ይዤው ሄድኩ፤ ኤልመር እንኳ ሳቀ፤ «ከዚያስ?» ሳይል ሳቀ። በሕይወቴ ሰው አስቄ አላውቅም ነበር፣ ሄዘር። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

ደብዳቤዎቼን ይላኩልኝ ያልሽው የቀልዱ መጨረሻ መሰለኝ። ለመመለስ ሦስት ቀን አሰብኩ። የምድጃውን ነገር የፈጠርኩት ራሴ ነኝ። ፊቴን ላለማንቀሳቀስ ብዬ አጭር አድርጌ ጻፍኩት። ከዚያ በየቀኑ ፖስታ ሳጥኑ ጋ እየሄድኩ አንቺ ስትስቂ የሚመጣውን ደብዳቤ ስጠብቅ ሰነበትኩ።

ትናንት ኦልጋ ሳህን እያጠበች «ክላረንስ» አለችኝ፤ «ልጅቷ ቀልድ ስትነግረን ቀን ጽፋልን ታውቃለች?»

«የምን ቀን?»

«ማርች 12። ውሻው የጠፋው መቼ ነው? የካርድዌል ሚስት የሄደችው መቼ ነው? ቀን አልነበረውም። ይኼኛው ቀን አለው።»

ቆርቆሮውን አወጣች። ኮቴን ሳልለብስ ነው ወደ ከተማ የነዳሁት። በጣም ፈጣኑ በየትኛው ነው ብዬ ጠይቄ በእሱ ልኬዋለሁ፤ ፖስታ ቤት ያለችው ሴት ግን ቀኑን ስነግራት ዞራ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየች።

እባክሽ ጻፊልኝ። በምን ቋንቋ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ አላውቅም።

ክላረንስ


ፍሊትዉድ
ኤፕሪል 2 ቀን 1982

የተከበሩ አጎቴ ክላረንስ፣

እርስዎም ወይዘሮ ኦልጋም ጤና ይስጣችሁ። በረዶው መቅለጥ ጀመረ ወይ?

ጥቅሉ የደረሰኝ ማርች 19 ነው።

የፌብሯሪውን ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አንብቤው ነበር። አመንኩዎት። እርስዎ ዋሽተው አያውቁም፤ ስለ ካርድዌል ሚስት እንኳ ተመልሰው ተነስተው የተናገሩ ሰው ነዎት። «የገባው እሱ ብቻ ነው» ያሉትን ሳነብ በቤተ ክርስቲያናችሁ ፊት ስላሳፈርኩዎት ተቀይመው ያቃጠሉት መሰለኝ። ይገባኛል አልኩ። ቴሌግራም አልላክሁም። አመድ መልስልኝ ተብሎ ቴሌግራም አይላክም። ለዓመታት ሰው ፊቱን ሳያንቀሳቅስ እንዲናገር ስጽፍ የኖርኩ ሴት፣ እርስዎ ፊትዎን ሳያንቀሳቅሱ አንድ መስመር ሲነግሩኝ ቀልድ መሆኑን አላወቅሁም። «ከዚያስ?» እንኳ አላልኩም።

ማርች 12 በመስኮቷ አንገቴን አስገባሁ።

«ማስረጃሽ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ተቃጥሏል።»

«የት?»

«ካናዳ። ምድጃ ውስጥ።»

ሬግ ባምበር ሳቀ። ያን ሰው ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ጥርሱ ሐሰተኛ ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ሊቀመንበሩ እንባውን ጠረገ። በዚያ ክበብ ውስጥ ይህን ያህል ያሳቅሁት ያኔ ነው፤ ከመድረክ ሳይሆን ከቢራ መስኮት።

ከዚያ ወሰኑ። ዕድሜ ልክ።

ጥቅሉ ሲደርሰኝ ይዤው ሄድኩ። በረኛው ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቀኛል። «ማን ይፈርምልሻል?» አለኝ።

«እነዚህን ለኮሚቴው ልሰጥ ነው።»

«ሄዘር፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ማን ይፈርምልሻል?»

የሚፈርምልኝ አልነበረም። ለአሳታሚው ላክሁት፤ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቷል፣ የክበቡም ውሳኔ ደርሶናል ብሎ ሁሉንም መለሰልኝ። ትናንት አውቶቡስ ጣቢያው ጋዜጣ መሸጫ ውስጥ መጽሐፉን አየሁት። የአየር መለኪያው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። መታሰቢያነቱ ለአባቱ ይሁንልኝ ብሏል፤ ለራሱ አባት። ቆሜ አነበብኩት። አጠገቤ የቆመ ሰውዬ ትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አነበበና ሳቀ። «ልክ የኔ አባት» አለ።

አልተቆጣሁም ብል እዋሽዎታለሁ። በጣም ተቆጥቻለሁ፤ አንዳንድ ቀን በእርስዎ ላይ፣ አብዛኛውን ቀን በራሴ ላይ። ግን ይቅርታዎን ይያዙት። የምድጃው ቀልድ ጥሩ ነበር። ከሬግ ይሻላል። አንዲት ቃል አልጨመሩበትም።

መጻፌን አልተውኩም። የኮሚቴው የእገዳ ደብዳቤ ጀርባው ንጹሕ ነው፤ በእሱ ላይ እየጻፍኩ ነው። የሚናገርልኝ ሰው ግን የለኝም፤ እኔ ራሴ እንዳልናገር በሩ ተዘግቷል። እንዲህ ሆኖ ምን ያህል እንደምቆይ አላውቅም።

የመጀመሪያዋን ደብዳቤዬን፣ የጃንዋሪዋን፣ መልሼ ልኬልዎታለሁ። ቆርቆሮው ውስጥ ትቀመጥ። እዚህ አገር አሁን የአየር መለኪያውን መስመር የሚሰማ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ የሚስቀው በሬግ አባት ነው። እናንተ አልሳቃችሁም። ድምፅዎ ተያዘ፤ ለአቶ ካርድዌል እንኳ አሥራ ስምንት ሰው ተንበረከከ። አባቴ መሞቱን ያመነ ሕዝብ ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከእናንተ ዘንድ ትኑር።

ወይዘሮ ኦልጋ ያኔ «ከዚያስ?» ብለው የጠየቁኝንም አልመለስኩላቸውም። የለም ብዬ ጻፍኩ። ነበረ። ይንገሩልኝ።

አባቴ በሞተ ማግሥት ብራ ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ሰንብቶ ስለነበር የታጠበ ልብስ ተጠራቅሞ ነበር። የአባቴን ሸሚዞች አውጥቼ ጓሮ አሰጣኋቸው። ስድስት ነበሩ። ነፋሱ ጥሩ ነበር፤ ሳይመሽ ደረቁ። ከዚያ አስገባኋቸውና ተኮስኳቸው።

ሄዘር